ከመለወጥ በፊት መለካት፦ የአውቶሞቢል የ12 ቮልት ሥርዓት አጠቃቀምና እንክብካቤ

አጽሕሮተ ጽሑፍ

መኪና ጠዋት አልነሳ ሲል ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛ ተደርጎ የሚወሰደው ባትሪው ነው። ይህ ጽሑፍ ባትሪ፣ አልተርኔተር፣ ሞተሪኖ፣ ፊውዝና ሽቦ ገቢና ወጪው በአንድነት የሚታይ የኃይል ሂሳብ ያላቸው የአንድ ሥርዓት ክፍሎች መሆናቸውን ያሳያል። በዚህም መነሻነት ዕቃ ከመለወጥ አስቀድሞ ሦስት ልኬቶች ሊወሰዱ እንደሚገባ ይከራከራል፤ እነርሱም የባትሪው የዕረፍት ቮልቴጅ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ የሚፈሰው ኃይል፣ እንዲሁም በሽቦና በማያያዣ ላይ የሚባክነው ቮልቴጅ ናቸው። ክርክሩ በቤንዚን ለሚሠሩ አሮጌ መኪኖች ብቻ ሳይሆን በቅርቡ ወደ አገራችን በብዛት መግባት ለጀመሩት የኤሌክትሪክ መኪኖችም እንደሚሠራ በመጨረሻው ክፍል ይብራራል።

1. መግቢያ

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ከሚታዩት የቤት መኪኖች ብዙዎቹ ከውጭ ያገለገሉ ሆነው የገቡ፣ ዕድሜያቸውም ከአሥር ዓመት የዘለለ ነው። እነዚህ መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ የነበራቸው የሽቦ ዝርጋታ በጊዜ ብዛት ተለውጧል፤ አላርም ተጨምሮባቸዋል፣ ቴፕና ስክሪን ተተክቶላቸዋል፣ የአቅጣጫ መከታተያ መሣሪያ ተገጥሞላቸዋል፣ መብራታቸውም በበለጠ ዋት ተቀይሯል። እያንዳንዱ ጭማሪ ለብቻው ሲታይ ቀላል ነው። በአንድነት ሲታዩ ግን ሥርዓቱ መጀመሪያ ከተነደፈለት የኃይል ሂሳብ ያወጡታል።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው ብልሽት ሲያጋጥም ነው። የተለመደው አካሄድ የተጠረጠረውን ዕቃ መለወጥና ውጤቱን መጠበቅ ነው። ባትሪው ይለወጣል፤ መኪናው ለጥቂት ሳምንታት ደኅና ይሠራል፤ ከዚያም ያው ችግር ይመለሳል። ቀጥሎ ዲናሞ እየተባለ የሚጠራው አልተርኔተር ይፈታል፤ ቀጥሎ ደግሞ ሞተሪኖ። በዚህ ሂደት ባለንብረቱ ለሦስት ዕቃ ከፍሎ ምክንያቱ አንድ የዛገ ማያያዣ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ጉዳቱም በገንዘብ አይወሰንም። ያለጊዜው የተጣለ ባትሪ እርሳስና አሲድ የያዘ አደገኛ ቆሻሻ ነው። በጨለማ መንገድ ላይ የደከመ የፊት መብራት፣ የማይበራ የፍሬን መብራት ወይም በጋለ ሽቦ የሚነሳ እሳት ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአንድ ተራ መልቲሜትርና በመጠነኛ ስሌት ምን ያህል ርቀት መሄድ እንደሚቻል ማሳየት ነው። በጽሑፉ የቀረቡት ስሌቶች አቅምን ለመገመት የተመረጡ የተለመዱ መጠኖችን የያዙ ናቸው፤ ለአንድ የተወሰነ መኪና ሲሠራ የዚያን መኪና መግለጫ መጽሐፍ መከተል ይገባል።

2. የሥርዓቱ አመጣጥና አሠራር

ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ጋስቶን ፕላንቴ ዳግም ሊሞላ የሚችለውን የእርሳስና አሲድ ባትሪ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1859 ነው። ባትሪው በአውቶሞቢል ውስጥ የዛሬውን ቦታ የያዘው ግን ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ በ1912 ካዲላክ መኪና ላይ ከተገጠመ በኋላ ነው። ከዚያ ቀደም ሞተር ይነሳ የነበረው በእጅ በሚዞር ብረት ስለነበር ሥራው ጉልበት የሚጠይቅ፣ አንዳንዴም ክንድ የሚሰብር ነበር። በ1950ዎቹ አምራቾች ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት ተሸጋገሩ። በ1986 ደግሞ ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ የመኪና መቆጣጠሪያ ክፍሎች በጥቂት ሽቦዎች መልእክት እንዲለዋወጡ የሚያስችለውን ካን የተሰኘ የመገናኛ ሥርዓት ለሕዝብ አስተዋወቀ። ከዚህ በኋላ መኪና ሽቦና አምፖል ብቻ ሳይሆን እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ስብስብም ሆነ።

የሥርዓቱ መሠረታዊ አሠራር በሦስት ዐረፍተ ነገር ይጠቃለላል። ባትሪው ሞተሩን ለማስነሳትና ሞተሩ በጠፋ ጊዜ ለሚሠሩ መሣሪያዎች ኃይል ይሰጣል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ አልተርኔተሩ የሁሉንም መሣሪያ ፍጆታ ይሸፍናል፤ የተረፈውን ለባትሪው ይመልሳል። የእያንዳንዱ መሣሪያ የኃይል መንገድ ከባትሪው ፖዘቲቭ ተነስቶ በፊውዝና በማብሪያ በኩል ወደ መሣሪያው ይደርሳል፤ ከዚያም በመኪናው ብረት አካል በኩል ወደ ኔጋቲቭ ይመለሳል።

ሦስተኛው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የመኪናው አካል ራሱ የመመለሻ ሽቦ ነው። አካሉ ከባትሪውና ከሞተሩ ጋር የሚያያዝባቸው ወፍራም ሽቦዎች ከላሉ ወይም ከዛጉ፣ ምንም ግንኙነት የሌላቸው የሚመስሉ ብልሽቶች በአንድ ጊዜ ይታያሉ። ፍሬቻ ሲበራ ሌላ መብራት አብሮ ብልጭ ማለቱ፣ ፍሬን ሲያዝ የኋላ መብራት መደብዘዙ የዚህ ምልክቶች ናቸው። ኤሌክትሪክ የተዘጋበትን መንገድ ትቶ ሌላ መመለሻ ስለሚፈልግ በሌላው አምፖል በኩል ያልፋል።

3. የኃይል ሂሳብ፦ ገቢና ወጪ

3.1 ሞተር ማስነሳት ምን ያህል ይወስዳል?

ባትሪን የሚጨርሰው ሞተር ማስነሳት ነው የሚል ሰፊ እምነት አለ። ስሌቱ ይህን አይደግፍም። አንድ አነስተኛ የቤንዚን ሞተር ሲነሳ ሞተሪኖው 150 አምፔር ለ3 ሰከንድ ቢወስድ፣ ጠቅላላው 450 አምፔር-ሰከንድ፣ ማለትም 0.125 አምፔር-ሰዓት ነው። ባትሪው 45 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ከሆነ ይህ ከአቅሙ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ በታች ነው። አልተርኔተሩ 5 አምፔር ትርፍ ቢኖረው የወጣው ኃይል በሁለት ደቂቃ ገደማ ውስጥ ይተካል። ማስነሳት ከባትሪው የሚጠይቀው ብዙ ኃይል ሳይሆን ለአጭር ጊዜ የሚቆይ ከባድ ፍሰት ነው። ስለዚህ በማስነሳት ጊዜ የሚጋለጠው ድክመት ሌላ ቦታ የተፈጠረ ድክመት ነው።

3.2 በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ

እውነተኛው ወጪ በሌላ ቦታ ይገኛል። በክረምት ምሽት፣ ዝናብ እየጣለ፣ መስታወቱ ላብ ይዞ፣ መኪናው በተጨናነቀ መንገድ ላይ ቆሞ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ያለውን ሂሳብ እንመልከት። ሁለት አጭር የፊት መብራቶች 110 ዋት፣ የኋላ፣ የጎንና የዳሽቦርድ መብራቶች 35 ዋት፣ የሞተሩ መቆጣጠሪያ፣ የነዳጅ ፓምፕና የእሳት ማቀጣጠያ 120 ዋት፣ የአየር ማራገቢያ 120 ዋት፣ የዝናብ መጥረጊያ 60 ዋት፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያ 150 ዋት ይወስዳሉ እንበል። ድምሩ 595 ዋት ነው። በ14 ቮልት ሲካፈል 42.5 አምፔር ያህል ይሆናል።

አልተርኔተር ሙሉ አቅሙን የሚሰጠው ዙሩ ከፍ ሲል ነው። በዝቅተኛ ዙር 35 አምፔር ብቻ ቢሰጥ 7.5 አምፔር ይጎድላል። ጉድለቱን የሚሸፍነው ባትሪው ነው። አንድ ሰዓት በዚህ ሁኔታ ያሳለፈ መኪና ከ45 አምፔር-ሰዓቱ ውስጥ ከመቶ 16 እጅ በላይ አጥቶ ቤቱ ይገባል።

አሁን ከተዘረዘሩት ውስጥ የኋላ መስታወት ማሞቂያውን ብቻ እናጥፋ። ፍጆታው ወደ 445 ዋት፣ ማለትም ወደ 32 አምፔር ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ባትሪው ከማጣት ይልቅ በሰዓት 3 አምፔር-ሰዓት ያህል ያገኛል። የአንድ ቁልፍ አጠቃቀም ጉድለቱን ወደ ትርፍ ለውጦታል። ማሞቂያው የተሠራው መስታወቱን አጽድቶ እንዲጠፋ ነው፤ መስታወቱ ከጠራ በኋላ እንደበራ መተው ምንም ጥቅም አይሰጥም። በአንዳንድ መኪኖች ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በራሱ እንዲጠፋ የተደረገውም በዚህ ምክንያት ነው።

3.3 መኪናው ቆሞ ሳለ

ሞተሩ ጠፍቶ፣ በሩ ተቆልፎ ሳለም የተወሰነ ኃይል ይፈስሳል። ሰዓቱ፣ የአላርሙ ተቀባይ፣ የኮምፒውተሮቹ ማኅደረ ትውስታ ኃይል ይፈልጋሉ። ከ50 ሚሊአምፔር በታች የሆነ ፍሰት በአብዛኞቹ መኪኖች እንደ ጤናማ ይቆጠራል። ባለ 45 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ግማሽ አቅሙን ለማጣት የሚፈጅበት ጊዜ እንደሚከተለው ይሰላል።

– 30 ሚሊአምፔር ሲፈስ፦ 750 ሰዓት፣ ማለትም 31 ቀን ያህል።
– 200 ሚሊአምፔር ሲፈስ፦ 112 ሰዓት ያህል፣ ማለትም አምስት ቀን ያልሞላ ጊዜ።
– አንድ ባለ 8 ዋት የውስጥ መብራት በርቶ ሲረሳ፦ 34 ሰዓት ያህል።
– የማቆሚያና የታርጋ መብራቶች፣ በድምሩ 30 ዋት፣ በርተው ሲያድሩ፦ 9 ሰዓት፤ ይኸውም ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው።

ሁለተኛው መስመር ልዩ ትኩረት ይሻል። በየቀኑ የሚነዳ መኪና 200 ሚሊአምፔር ቢያፈስስ ባለንብረቱ ላያውቀው ይችላል፤ ምክንያቱም በማግስቱ ጉዞ የወጣው ይተካል። መኪናው ለበዓል አንድ ሳምንት ሲቆም ግን አይነሳም። ባለንብረቱም «ባትሪው በድንገት ሞተ» ይላል። የሆነው ግን ለወራት የቆየ ፍሳሽ በዚያ ሳምንት መታየቱ ነው። የከፋው ደግሞ ባዶውን የቆየ ባትሪ በእርግጥም መጎዳቱ ነው፤ በሳህኖቹ ላይ የሚፈጠረው የእርሳስ ሰልፌት እየጠጠረ ሄዶ መልሶ ለመሟሟት እምቢ ይላል፤ አቅሙም ለዘለቄታው ይቀንሳል። ስለዚህ አዲስ ባትሪ መግጠም የፍሳሹን ምክንያት ሳይነካ ለፍሳሹ ሁለተኛ ሰለባ ማቅረብ ነው።

4. ሦስቱ ልኬቶች

4.1 የዕረፍት ቮልቴጅ

የእርሳስና አሲድ ባትሪ እያንዳንዳቸው 2.1 ቮልት ያህል የሚሰጡ ስድስት ክፍሎች አሉት። ሙሉ ሆኖ ለብዙ ሰዓት ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12.4 ቮልት ሦስት ሩብ፣ 12.2 ቮልት ግማሽ፣ 12.0 ቮልት ሩብ ያህል እንደቀረው ያመለክታል። ስለዚህ መልቲሜትር «12» ብሎ ሲያሳይ ባትሪው ደኅና ነው ማለት ስሕተት ነው፤ ልዩነቱ ከነጥቡ በኋላ ባለው አኃዝ ላይ ነው።

ልኬቱ ከጉዞ በኋላ ወዲያው ከተወሰደ ከእውነቱ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ተመራጩ ጊዜ መኪናው ካደረ በኋላ፣ በር ከመከፈቱና መብራት ከመብራቱ በፊት ነው። ቀጥሎ ሞተሩ ተነስቶ በባትሪው ጫፎች ላይ ይለካል። ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ያህል ከታየ አልተርኔተሩ እየሞላ ነው። ቁጥሩ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ከነበረው ካልጨመረ አልተርኔተሩ፣ ቀበቶው ወይም ሽቦው ይመረመራል። ከ15 ቮልት በላይ ከሆነ ደግሞ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያው ተበላሽቶ ባትሪውን እያፈላው ሊሆን ይችላል። ባትሪ ውሃው ቶሎ ቶሎ ሲያልቅ የሚጠረጠረውም ይኸው ነው። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ነዳጅ ለመቆጠብ የመሙያውን ቮልቴጅ ሆን ብለው ከፍና ዝቅ ስለሚያደርጉ በእነርሱ ላይ አንድ ልኬት ብቻውን ለፍርድ አይበቃም።

4.2 የቆመ መኪና ፍሳሽ

ይህ የሚለካው የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ፈትቶ መልቲሜትሩን በአምፔር መለኪያው ላይ አድርጎ በገመዱና በባትሪው ኔጋቲቭ ጫፍ መካከል በማስገባት ነው። ሦስት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ መለኪያው በመካከል ሳለ ሞተር ማስነሳት ወይም የፊት መብራት ማብራት ክልክል ነው፤ የመልቲሜትሩ የውስጥ ፊውዝ ብዙ ጊዜ ከ10 አምፔር አይበልጥም። ሁለተኛ፣ የመኪናው ኮምፒውተሮች ወዲያው አይተኙም፤ እንደ መኪናው ዓይነት ከጥቂት ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃሉ። ከዚያ በፊት የታየ ከፍተኛ ቁጥር ብልሽትን አያመለክትም። ሦስተኛ፣ በር ወይም ኮፈን ክፍት ከሆነ መኪናው ሰው አለ ብሎ ስለሚነቃ ማያያዣው እንደተዘጋ እንዲቆጥር ይደረጋል፤ ቁልፉም ከመኪናው ርቆ ይቀመጣል።

ፍሳሹ ከፍ ያለ ሆኖ ከተገኘ ፊውዞች አንድ በአንድ ይነቀላሉ። ቁጥሩ ድንገት የወረደበት ፊውዝ የሚመግበው መስመር ተጠርጣሪው ነው። በዚህ መንገድ በግምት ሳምንት የሚፈጅ ፍለጋ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያልቅ ይችላል። ሁሉም ፊውዝ ተነቅሎም ቁጥሩ ካልወረደ ዓይን ወደ አልተርኔተሩና ያለ ፊውዝ ሳጥኑ በቀጥታ ከባትሪው ወደተቀጠሉ ጭማሪዎች ይዞራል።

4.3 በመንገድ ላይ የሚባክን ቮልቴጅ

ከሦስቱ ልኬቶች ብዙም የማይታወቀው፣ ግን ብዙ የሚናገረው ይህ ነው። በባትሪው ጫፍና በገመዱ ማያያዣ መካከል ባለው ዝገት ምክንያት 0.01 ኦም ያህል ተቃውሞ ተፈጥሯል እንበል። ለአንድ ትንሽ አምፖል ይህ ምንም አይደለም። ሞተሪኖው 150 አምፔር ሲጠይቅ ግን በዚያች ነጥብ ላይ 1.5 ቮልት ይጠፋል፤ 225 ዋትም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ባትሪው በማስነሳት ጊዜ 10.5 ቮልት ቢሰጥ ሞተሪኖው የሚደርሰው 9 ቮልት ብቻ ነው። ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ይቀራል ወይም እየተጎተተ ይዞራል። ባትሪውም ሞተሪኖውም ጤነኞች ናቸው።

ይህን ብልሽት በኦም መለኪያ መፈለግ አይቻልም። ተራ መልቲሜትር 0.01 ኦምን ከዜሮ አይለይም። ከብዙ ክሮቹ አንዱ ብቻ የቀረለት ሽቦም በኦም መለኪያ ሲታይ ጤናማ ይመስላል። መፍትሔው መስመሩ ሥራ ላይ እያለ መለካት ነው። የመልቲሜትሩ አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ እንብርት ላይ፣ ሌላው በሞተሩ ብረት ላይ ይደረጋል፤ ረዳት ሰው ሞተሩን ያስነሳል። ቁጥሩ ከ0.2 ወይም ከ0.3 ቮልት ካልበለጠ የመመለሻው መንገድ ጤናማ ነው። በፖዘቲቩ በኩል ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው ያለው ብክነትም ከ0.5 ቮልት ማለፍ የለበትም። ከዚህ ካለፈ ማያያዣዎቹ ተፈትተው ይጸዳሉ፤ የሚገዛ ነገር ላይኖር ይችላል።

5. መብራት፣ ፊውዝና የተጨመሩ መሣሪያዎች

ያው ሕግ በፊት መብራት ላይ ይበልጥ ከባድ ውጤት አለው። ክር ያለው አምፖል የሚሰጠው ብርሃን ከቮልቴጁ ጋር በእኩል አይቀንስም፤ ቮልቴጁ በመቶ 10 ሲወርድ ብርሃኑ በመቶ 30 ያህል ይወርዳል። ባትሪው ላይ 13.5 ቮልት ሳለ አምፖሉ ላይ የሚደርሰው 12.15 ቮልት ከሆነ አሽከርካሪው ከፊት ብርሃኑ ሲሶውን ሊያጣ ተቃርቧል። ከከተማ ውጭ እግረኛና ከብት በሚተላለፍበት አስፋልት ላይ ይህ ልዩነት የማቆሚያ ርቀትን ይወስናል።

የተለመደው መፍትሔ 55 ዋቱን አምፖል በ100 ዋት መለወጥ ነው። ነገር ግን የአምፖሉ ፍሰት 1.8 እጥፍ ሲጨምር በሽቦው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት በፍሰቱ እርባታ ስለሚያድግ ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። ቀድሞውንም ደካማ የነበረው ማያያዣ ይቀልጣል፤ የመብራቱ ማብሪያም ይቃጠላል። ተገቢው እርምጃ ብክነቱ የት እንዳለ ለክቶ ማያያዣውንና የመመለሻ ሽቦውን ማደስ፣ ካስፈለገም አምፖሉን በሪሌ በኩል ከባትሪው በቀጥታ መመገብ ነው።

ፊውዝን በተመለከተ ሊታረም የሚገባ አስተሳሰብ አለ። ፊውዝ የተቀመጠው በዋናነት መሣሪያውን ለመጠበቅ ሳይሆን ሽቦው ግሎ እሳት እንዳያስነሳ ለመከላከል ነው። የሚመረጠውም በሽቦው ውፍረት ልክ ነው። በተለመዱት ባለ ሁለት ምላስ ፊውዞች ላይ ቀዩ 10፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20፣ አረንጓዴው 30 አምፔር ነው። ቀይ ፊውዝ ደጋግሞ ሲቃጠል አረንጓዴ መተካት ወይም የመዳብ ክር ጠምዝዞ ማስገባት ፊውዝነቱን ከፊውዙ ወደ ሽቦው ማዛወር ነው፤ ሽቦው ደግሞ የሚያልፈው በምንጣፍና በወንበር ሥር ነው። ደጋግሞ የሚቃጠል ፊውዝ ማስጠንቀቂያ ስለሆነ የሚፈለገው የአጭር ዙር ቦታ ነው።

አላርም፣ ስክሪን ወይም መከታተያ ሲጨመር ሦስት ጥያቄዎች ሊመለሱ ይገባል። ኃይሉን የሚያገኘው ከየትኛው መስመር ነው? በመነሻው አጠገብ የራሱ ፊውዝ አለው? ቆሞ ሳለ ስንት ሚሊአምፔር ይወስዳል? ሽቦ ልጦ፣ ጠምዝዞ፣ በፕላስተር መጠቅለል በንዝረትና በእርጥበት ይላላል። በመሪው ሥር የሚገኙት የኤርባግ ሽቦዎችና ማያያዣዎች በአብዛኛው ቢጫ ናቸው፤ እነዚህ ለመሞከሪያ መብራትም ሆነ ለኦም መለኪያ አይነኩም፤ የመለኪያው ትንሽ ፍሰት ኤርባጉን ሊያፈነዳው ይችላልና። በአካባቢው ከመሥራት በፊት የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታል፤ የተጠራቀመው ኃይል እስኪወጣም ይጠበቃል። ቶዮታ በመመሪያዎቹ ላይ ለዚህ የሚሰጠው ጊዜ ቢያንስ 90 ሰከንድ ነው።

6. የኤሌክትሪክ መኪና እና ያው 12 ቮልት

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካሳወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በከተማው ላይ እየበዙ ነው። ብዙ ተጠቃሚዎች ትልቁ ባትሪ ከተሞላ መኪናው ይነሳል ብለው ያስባሉ። በአብዛኞቹ ሞዴሎች ግን በሩን የሚከፍተው፣ ስክሪኑንና ኮምፒውተሮቹን የሚያስነሳው፣ ከሁሉም በላይ ትልቁን ባትሪ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኙትን ማብሪያዎች የሚዘጋው አንድ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ ነው። እርሱ ከደከመ ትልቁ ባትሪ መቶ በመቶ ሞልቶም መኪናው አይነቃም። በዚህ ሥርዓት የአልተርኔተሩን ቦታ የያዘው ከፍተኛውን ቮልቴጅ ወደ 14 ቮልት ገደማ የሚያወርድ መለወጫ ነው።

ስለዚህ የዕረፍት ቮልቴጅና የቆመ መኪና ፍሳሽ ጥያቄዎች እዚህም ይነሳሉ፤ መልሱን የሚያገኙበት መንገድ ግን በአምራቹ መመሪያ ይገዛል። አንድ ፍጹም ወሰን አለ፦ በብርቱካንማ ቀለም የተሸፈኑ ገመዶች ብዙ መቶ ቮልት የሚያልፍባቸው ስለሆኑ ልዩ ሥልጠናና የመከላከያ ጓንት ከሌለ አይነኩም። ብዙ አምራቾች የኤሌክትሪክ መኪናን 12 ቮልት ባትሪ ሌላ መኪና ለማስነሳት መጠቀምንም ይከለክላሉ።

ለዚህ ጽሑፍ ርእስ የሚቀርበው ሌላው ችግር ቋንቋ ነው። ለቻይና ገበያ ተሠርተው የገቡ መኪኖች መግለጫ መጽሐፋቸውም የስክሪን ማስጠንቀቂያቸውም በቻይንኛ ነው። የ12 ቮልት ባትሪው መዳከሙን የሚናገር መልእክት ማንበብ ካልተቻለ ማስጠንቀቂያው ማስጠንቀቂያ መሆኑ ይቀራል። ቢያንስ ዋና ዋናዎቹን የማስጠንቀቂያ መልእክቶች ከአማርኛ ፍቺያቸው ጋር አዘጋጅቶ ከመኪናው ጋር ማስረከብ ከአስመጪዎች የሚጠበቅ ቀላል ሥራ ነው።

7. የተጠቃሚው ድርሻ

ከላይ ከተሰጡት ምክንያቶች የሚከተሉት ልማዶች ይወጣሉ።

ሀ. ሞተር ከማስነሳት በፊት ማራገቢያ፣ የመስታወት ማሞቂያና መብራት ማጥፋት፤ ሞተሩ ሳይነሳ ከጥቂት ሰከንድ በላይ ቁልፉን አለመያዝ፣ በሙከራዎች መካከልም ሞተሪኖው እንዲቀዘቅዝ ጊዜ መስጠት።

ለ. ባትሪ ሲፈታ ኔጋቲቩን አስቀድሞ መፍታት፣ ሲታሰርም መጨረሻ ላይ ማሰር። ፖዘቲቩ ቀድሞ ከተፈታ መፍቻው የመኪናውን ብረት ሲነካ ሙሉ አጭር ዙር ይፈጠራል።

ሐ. በጫፎቹ ላይ የሚወጣውን ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝቃጭ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ ማጽዳት፣ አድርቆ አጥብቆ ማሰር፣ በላዩም ቀጭን ቫዝሊን መቀባት።

መ. ክዳኑ በሚከፈት ባትሪ ላይ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው። በአገልግሎት የሚጠፋው ውሃው እንጂ አሲዱ ስላልሆነ አሲድ መጨመር ሳህኖቹን ይጎዳል።

ሠ. በላቫጆ የሞተሩ ክፍል በግፊት ውሃ ሲታጠብ አልተርኔተሩንና የፊውዝ ሳጥኑን መሸፈን።

ረ. በሌላ መኪና ኃይል ሲነሳ ቀዩን ገመድ መጀመሪያ ከደከመው፣ ቀጥሎ ከሙሉው ባትሪ ፖዘቲቭ ጋር ማያያዝ፤ ጥቁሩን ከሙሉው ኔጋቲቭ ጋር ካያያዙ በኋላ መጨረሻውን ከባትሪው በራቀ የሞተር ብረት ላይ ማሰር። ባትሪ ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ የመጨረሻዋ ብልጭታ ከእርሱ መራቅ አለባት።

ሰ. ለረጅም ጊዜ የሚቆም የቤንዚን መኪና ካለ የባትሪውን ኔጋቲቭ መፍታት። በቅድሚያ ግን ቴፑ የምሥጢር ቁጥር የሚጠይቅ መሆኑን ማረጋገጥ፤ የመስኮቶች ራስ-ሰር አሠራርም እንደገና መለማመድ ሊያስፈልገው ይችላል።

ቆላማ አካባቢ የሚሠሩ መኪኖች ተጨማሪ ክትትል ይሻሉ። ሙቀት የባትሪውን ኬሚካላዊ እርጅና ስለሚያፋጥን በአፋር ወይም በድሬዳዋ የሚውል ባትሪ ከአዲስ አበባው ቀድሞ ማርጀቱ የሚጠበቅ ነው፤ የዕረፍት ቮልቴጅ ልኬቱም በዚያው መጠን ሊደጋገም ይገባል።

8. መደምደሚያ

የመኪና ኤሌክትሪክ ብልሽት ብዙ ጊዜ እንደ ዕድል የሚታየው የማይታይ በመሆኑ ነው። መልቲሜትር የማይታየውን ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። ሦስቱ ልኬቶች አንድ ላይ ሲነበቡ እያንዳንዱ ለተለየ ጥያቄ ይመልሳል፦ የዕረፍት ቮልቴጁ ምን ያህል ኃይል እንዳለ፣ የፍሳሹ መጠን ኃይሉ ያለ ሥራ እየወጣ መሆኑን፣ በመንገድ ላይ የሚባክነው ቮልቴጅ ደግሞ ያለው ኃይል ወደሚፈለግበት ቦታ መድረሱን ይነግራል። ባትሪ ሊለወጥ የሚገባው በደንብ ተሞልቶ፣ ፍሳሹ ጤናማ ሆኖ፣ ማያያዣው ንጹሕ ሆኖ እያለ ኃይል መያዝ ሲያቅተው ነው።

ከዚህ ሁለት ተግባራዊ ሐሳቦች ይከተላሉ። የመጀመሪያው ለቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ነው፤ የመኪና ኤሌክትሪክ ትምህርት ዕቃ መፍታትና መግጠምን ከማስተማሩ በፊት ሥራ ላይ ባለ መስመር ቮልቴጅ መለካትን የመግቢያ ልምምድ ቢያደርግ ሠልጣኙ በኤሌክትሪክ መኪና ዘመንም ሥራ ላይ የሚያውለው ሙያ ይይዛል። ሁለተኛው ለጋራዦችና ለባለንብረቶች ነው፤ ባትሪ፣ አልተርኔተር ወይም ሞተሪኖ ሲለወጥ ከመለወጡ በፊትና በኋላ የተገኙት ሦስት ቁጥሮች ከቀናቸው ጋር በጽሑፍ ቢሰጡ፣ ደንበኛው የከፈለበትን ምክንያት ያውቃል፤ ቀጣዩ ባለሙያም ፍለጋውን ከዜሮ አይጀምርም። እንዲህ ያሉ መዛግብት ሲጠራቀሙ የትኛው ብልሽት በየትኛው አካባቢና በየትኛው የመኪና ዓይነት እንደሚበዛ በአኃዝ ለማጥናት ለሚፈልግ ተመራማሪ አስተማማኝ መነሻ ይሆናሉ።